የማን ምራት ነህ?

በመጨረሻው የሥራ ቀኔ የሠራሁት ሥራ ስልክ ላይ ማውራት ነበር። ከሰው ጋር አይደለም። ድርጅቱ ከአዲስ አበባ የላከው አንድ ልጅ ትንሽ ማይክራፎን ነጠላዬ ላይ ሰካልኝና የሀዲይኛ ቃላት በተራ እንዳነብ ወረቀት ሰጠኝ። ከእንግዲህ ከውጭ የሚመጡት በጎ ፈቃደኛ ሚስዮናውያን ቋንቋውን እዚያው አገራቸው ቁጭ ብለው በስልካቸው ይማራሉ፤ ሆሳዕና ሲደርሱ ሰላምታውን ችለው ይደርሳሉ፤ እኔም ቤቴ ገብቼ አርፋለሁ። የነገሩኝ እንዲህ ነው። በጣም ደክሞኝ ስለነበር ደስ ይበለኝ ወይም ይክፋኝ እንኳ አልለየሁትም።

አንብቤ ስጨርስ ልጁ ወረቀቱን ከስልኩ ጋር አመሳከረ።

"እትዬ አስቴር፣ የዘለሏቸው አሉ" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"እንድገማቸው?"

"እነሱን ሌላ ሰው ያንብብልህ። የባለቤቴ እህት ጓሮ አለች፣ ጥራት።"

"ለምን? ከባድ ናቸው እንዴ?"

"ቀላል ናቸው። አፉን የፈታ ሕፃን ሁሉ ይላቸዋል። እኔ ነኝ የማልላቸው።"

ግራ ገባው፤ አልፈርድበትም። ለማስረዳት ጉልበቱ አልነበረኝም። እዚህ ግን ማስረዳት አለብኝ፣ የሥራ ዘመኔ በሙሉ በእነዚያ ጥቂት ቃላት ዙሪያ ሲዞር ኖሯልና።

እኔ የዶዮገና ልጅ ነኝ፤ ከምባታ። የተዳርኩት ሆሳዕና ነው፤ ለሀዲያ ቤተሰብ። በሁለቱም ሕዝብ ዘንድ አንድ የቆየ ወግ አለ፣ በእኛ በኩል ባሊሻ ይባላል። ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም። ይህ በሌላም አገር አለ፤ የእኛ ግን ከስሙ አልፎ ይሄዳል። ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ቃል ሁሉ ከአፏ አይወጣም። የአማቴ ስም ለምሳሌ ወልዴ ቢሆን ኖሮ፣ አይደለም እንጂ፣ ወተት፣ ወንዝ፣ ወንበር አልልም ነበር። ወተቱን "ነጩ"፣ ወንዙን "የሚፈሰው"፣ ወንበሩን "መቀመጫው" እያልኩ እኖር ነበር። ለእያንዳንዱ ቃል ሴቶች የሚያውቁት ምትክ አለው፤ ከአማት ወደ ምራት ይወርዳል። ያሁኖቹ ልጆች እየተዉት ነው፣ ደግ አደረጉ። እኔ ግን በለጋነቴ ስለገባሁበት አፌ አንዴ በዚያ ታጥፏል።

እውነተኛውን ስም አልጽፍም። የዘለልኳቸውንም ቃላት አልጽፍም፤ እነሱን ጻፍኩ ማለት ስሙን ጻፍኩ ማለት ነው። አንዱ በረት ውስጥ አለ፣ አንዱ ሰማይ ላይ አለ፣ አንዱ ደግሞ ሰው ያለሱ ውሎ የማያድረው ነው ልበልና ይብቃኝ። አማቴን አባባ እላቸዋለሁ፤ ሚስታቸውን እማማ።

ሀዲይኛ ያስተማሩኝ እማማ ናቸው። ከምባትኛና ሀዲይኛ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሰው የሚሰናከለው ደግሞ ዘመድ ነው ብሎ ሳይጠነቀቅ ሲገባ ነው። ሙሽራ ሆኜ ስመጣ አማርኛ እንደምችል እማማ ያውቁ ነበር። እሳቸውም ጥርት አድርገው ይችሉታል። ለእኔ ግን ደንቆሮ ሆኑብኝ። በአማርኛ ስናገር እንጨት እንደተናገረ ያህል እንኳ ዞር አይሉም። ጨው ስፈልግ ጨው እስክል ድረስ ወጡ አልጫ ሆኖ ይበላል። እንሰት ስንፍቅ ግን ያወራሉ፣ ያወራሉ፣ አያቆሙም። እጅ ሲሠራ አፍ ይፈታል ይሉ ነበር። እግሬን ግንዱ ላይ ተክዬ ስፍቅ፣ ወገቤ ሲንቀጠቀጥ፣ ቃሉ ሳላውቀው ይገባል።

ከሁሉ በላይ የማስታውሰው ግን አስተራረማቸውን ነው። ሰው ፊት አርመውኝ አያውቁም። ስሳሳት ይሰማሉ፣ ፊታቸው አይለወጥም። ከገበያ ወይም ከለቅሶ ስንመለስ ወደ ቤታችን መታጠፊያ ላይ አንድ ዝግባ አለ። እዚያ ስንደርስ ቆም ብለው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፤ ያኔ እርማት እንደመጣ አውቃለሁ። ስህተቴን አይደግሙትም። ትክክለኛውን ቃል ብቻ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው፣ ሁለት ጊዜ ይሉትና መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ከዚያ በኋላ ያ ስህተት ተመልሶ መጥቶብኝ አያውቅም።

ከሰላምታ በፊት ያስተማሩኝ ደግሞ ለቅሶ ቤት የሚባለውን ነው። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ "ሰላምታ የተሳሳተ ሰው ይሳቅበታል፣ ይረሳል። ለቅሶ ላይ የተናገርሽውን ግን ሰው እስኪሞት አይረሳውም" አሉኝ።

ድርጅቱ ቤት የገባሁት በሽንኩርት ነው። የበጎ ፈቃደኞቹ ማደሪያ ወጥ ቤት ውስጥ አጋዥ ሆኜ ተቀጠርኩ። ያኔ ቋንቋ የሚያስተምራቸው መጽሐፍ ይዞ የሚመጣ አንድ መምህር ነበር፣ እግዜር ይስጠው፣ ግሡን ሁሉ ደርድሮ ያስነብባቸዋል። እነሱ ከክፍል ወጥተው ወጥ ቤት ይመጡና እኔ አጠገብ ቆመው በአማርኛ ያወሩኛል። እኔም እንደ እማማ ደንቆሮ እሆንባቸዋለሁ። ኃላፊዋ ሚስ ኢንግሪድ የምትባል፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ነገር ረጋ ብላ የምታይ ሴት ነበረች። አንድ ቀን በር ላይ ቆማ ስታዳምጥ ቆየችና፣ "አስቴር፣ ከነገ ጀምሮ ሽንኩርቱን ሌላ ሰው ይክተፈው" አለችኝ። አስተማሪ ሆንኩ። ደመወዜም ጨመር አለ፤ ብዙ አይደለም።

የሚመጡት ወጣቶች በብዛት አንድ ዓይነት ናቸው ብል ቅር አይበላቸው። ሲመጡ ሁሉ ነገር ደስ ይላቸዋል፤ ቆጮው፣ ባጃጁ፣ ጭቃው ሳይቀር። ከዚያ ሆዳቸው ይታመማል። ከዚያ ክረምቱ ይገባል፣ መብራት ይጠፋል፣ ያጠቡት ልብስ ገመድ ላይ ሳይደርቅ ይሸታል፣ የሰፈር ልጆች ፈረንጅ እያሉ እስከ በር ይሸኟቸዋል። አገሩ መሐንዲስ የነበረ ሰው ሳሙና የት አለ ማለት አቅቶት ወጥ ቤት በር ላይ ይገተራል። ሥራዬ የሚጀምረው ያኔ ነው። ትልቅ ሰው ተመልሶ ሕፃን ሲሆን ማየት ያደክማል፣ እሱንም እኔንም። አንዳንዶቹ ልብስ ማጠቢያው ጋ ተደብቀው ሲያለቅሱ አገኛቸዋለሁ። አንድ ባልዲ አቀብላቸውና አብረን እናጥባለን።

ሁሉም ደግሞ አንድ ተረት ይዘው ይመጣሉ፦ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።" አውሮፕላን ጣቢያ የሚታደላቸው ይመስለኛል። እኔ በሰማሁት ልክ ቢሆን ያ እንቁላል እስካሁን ሩጫ ጀምሮ ነበር።

ደብተር አላስይዝም ነበር። ቃሉን የምሰጠው ነገሩን በእጃቸው ሲይዙ ነው። ጃጁራ ገበያ ሲውል ወስጄ እለቃቸዋለሁ። እዚያ ዘይነባ የምትባል ወዳጄ አለች፣ በርበሬና ቅመም ነጋዴ ናት። ዘይነባ አማርኛውን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች፤ ለተማሪዎቼ ግን አንድም ቃል አይገባትም። ተስማምተን ነው። እነሱ ላብ እስኪያጠምቃቸው ሲታገሉ እሷ በከንፈሯ ዳር እየሳቀች ትጠብቃለች፤ ቃሉ ከወጣ ምርቃት አንድ እፍኝ ትጨምራለች። እርማቱን ግን ሁልጊዜ ዝግባው ሥር ነው የማደርገው፣ ነጠላዬን እያስተካከልኩ።

አንድ በጋ ዳምቦያ ልከውኝ ከምባትኛ አስተምሬያለሁ። በእናቴ ቋንቋ ማስተማር እረፍት መስሎኝ ነበር። ባሊሻው ግን በዚያም ተከትሎኝ መጣ፤ ምራት በየትም ቋንቋ ምራት ናት።

ማርቲን የመጣው እማማ ካረፉ በኋላ ነው። ከቀዝቃዛ አገር የመጣ፣ ሲያፍር ጆሮው የሚቀላ ልጅ፤ ሥራው ምንጭ ማጎልበት ነው። ከጃጁራ ማዶ ያሉ መንደሮች ውስጥ ገብቶ ከሰዎቹ ጋር እየኖረ ምንጭ መሥራት ነበር ሕልሙ፤ ሌላ ወሬ የለውም። ድርጅቱ ደግሞ ወደ መንደር የሚገባ ሰው በመጀመሪያ በቋንቋው ጉባኤ ፊት ቆሞ ራሱን ያስተዋውቅ የሚል ደንብ ነበረው። ስለዚህ ማርቲን ተማረ፣ እንዴት ያለ መማር። እኛ ግቢ የኋላውን ክፍል ተከራይቶ ነበር የሚኖረው። ጠዋት ከእኔ ጋር ነው፤ አመሻሽ ላይ ከአባባ ጋር በረት ይገባል። አባባ ብዙ የማያወሩ ሰው ናቸው። ፈረንጅ ቤት መሥራቴንም አይወዱትም ነበር፤ በቀጥታ ግን አልነገሩኝም። በወጋችን ምራትና አማት ፊት ለፊት እንደልብ አይነጋገሩም፤ ለእኔ የሚሉትን ለባለቤቴ ነው የሚሉት፣ እኔ እንድሰማ አድርገው። ማርቲንን ግን ወደዱት። ሣር ሲያቀብል፣ እበት ሲዝቅ ዝም ብለው ያዩታል። "ይህ ልጅ መስማት ይችላል" አሉ አንድ ቀን ለባለቤቴ።

ቀኑ ደረሰና ጃጁራ ሄድን። እሑድ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል። ማርቲን ተነሣ። ስለ እናቱ፣ ስለ አገሩ፣ ለምን እንደመጣ ተናገረ። ንግግሩ ጥርት ያለ ነው። ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ልቤ በኩራት አብጧል። መጀመሪያ የሳቁት አጠገቤ ያሉት ናቸው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። ምን እንዳሳቃቸው አልገባኝም። ቀጥሎ ከወንዶቹ ወገን አንዱ ሳቀ። ማርቲን ሌላ ዓረፍተ ነገር ጨመረ፣ ብዙዎች ሳቁ። አቶ ላፌቦ የሚባሉ የዚያ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አሉ፣ ጨዋታ የሚወዱ፣ ክፋት የሌለባቸው ሰው። ከፊት ወንበር ሆነው፣ "ልጄ፣ የማን ምራት ነህ?" አሉት። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

ያኔ ገባኝ። ሰማይ ላይ ያለውን ሲጠራ፣ በረት ውስጥ ያለውን ሲጠራ፣ በእኔ ቃል ነበር የጠራው። ጢሙን ያሳደገ ወንድ እንደ ሙሽራ እያወራ ነው። ከእሱ በፊት ለጉባኤ ያደረስኳቸው ሁሉ ሴቶች ነበሩ፤ ሴት እንዲህ ብታወራ ማንም አይስቅም፣ እንዲያውም ጨዋ ናት ይሏታል። ማርቲን ግን የአማቴን ስም እንኳ በቅጡ ሳያውቀው ሲያከብርልኝ ከረመ።

ጆሮው ደም መሰለ። ንግግሩን አልጨረሰም፤ አጎንብሶ አመስግኖ ተቀመጠ። ሰዎቹ ሲወጡ አቅፈው ሳሙት፣ አቶ ላፌቦ ምሳ ይዘውት ሊሄዱ እጁን ጎተቱት። እሱ ግን ወደ ቤት መሄድ ፈለገ።

ከመኪና ወርደን ዝግባው ጋ ስንደርስ ቆምኩ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። ትክክለኛውን ቃል ሁለት ጊዜ ብዬ መሄድ ነበረብኝ፣ እማማ እንደሚያደርጉት። የማርመው ቃል ግን የማልለው ቃል ነው። አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት። ደግሜ ከፈትኩ። አልወጣም።

"ምንድን ነው ያልኩት?" አለኝ በአማርኛ።

"ምንም መጥፎ ነገር አላልክም።"

"ታዲያ ለምን ሳቁ?"

አስረዳሁት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። መስማት ይችላል ብለው የለ አባባ።

"ስለዚህ ትክክለኛውን ቃል አሁንም ሊነግሩኝ አይችሉም" አለኝ።

"አልችልም።"

"እሺ" አለና ወደ ቤት ሄደ።

ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ደረቴን አልመታም፤ ያኔም አልመታሁም። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ታስሮ የኖረ አፍም እንደዚያው ነው፤ ባለቤቱ አያውቀውም። ከዚያ ወዲያ ግን ማርቲን ሀዲይኛ አልተናገረም። ጠዋት በአማርኛ ሲያናግረኝ እንደ ልማዴ ደንቆሮ ሆንኩበት፤ ፈገግ ብሎ የፈለገውን በጣቱ አሳየኝ። ሚስ ኢንግሪድ መከረችው፣ ለመነችው፤ አይ አለ። መንደር መግባቱ ቀረ። ምንጩም ቀረ። አዲስ አበባ ቢሮ፣ ወረቀት ላይ፣ የሌላ ሰው ምንጭ ሊቆጣጠር ሄደ። ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ አባባ በረቱ በር ላይ ቆመው መረቁት፣ ረጅም ምርቃት፣ በሀዲይኛ። አንገቱን ደፍቶ አሜን አለ። አሜን ደግሞ በየቋንቋው ያው ነው።

ባለቤቴ ነው ነገሩን ለአባባ የነገራቸው።  ከብዙ ቀን በኋላ አንድ ጠዋት በቤታችን በረንዳ ላይ አዳዲሶቹን ተማሪዎች ይዤ ስጀምር፣ አባባ ጋቢያቸውን ለብሰው በርጩማቸውን ተሸክመው መጡ። በሩ አጠገብ አስቀመጡና ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ ግቢው ዞረው ተቀመጡ። ምን ፈልገው ነው ብዬ ጨነቀኝ። እያስተማርኩ ሄጄ ከእነዚያ ቃላት አንዱ ላይ ደረስኩ። ምትኩን ልል ስል ከኋላዬ አባባ ራሱን ቃሉን አሉት፣ ጮክ ብለው፣ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠሩ። ተማሪዎቹ ደነገጡ፣ ከዚያ ተከትለው አሉት። አባባ አንገታቸውን ነቀነቁ። ቀጣዩ ቃል እስኪመጣ ጠበቁ።

ማታ ለባለቤቴ፣ እኔ እንድሰማ አድርገው፣ "እሷ የእኔን ስም ተሸክማ የሰው ልጅ አፍ ተዘጋ። ስሙ የእኔ ነው፤ ከእንግዲህ እኔ እሸከመዋለሁ" አሉ። ወጥ ቤት ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅ።

ከዚያ ወዲህ ለዓመታት ያስተማርነው ሁለታችን ነን። እኔ ቃሉ ጋ ስደርስ ዝም እላለሁ፣ ተማሪዎቹ ወደ በሩ ይዞራሉ፣ አባባ ይላሉ። አንዳንዴ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ ያኔ ሁላችንም እንጠብቃለን፤ አንዷ ሳል ታደርጋለች፤ ነቅተው የየትኛው ተራ እንደሆነ ሳይጠይቁ ሁሉንም በአንድ ላይ ይዘረግፏቸዋል። ሚስ ኢንግሪድ አገሯ ገብታ አቶ ዳዊት የሚባል ወጣት ኃላፊ ከአዲስ አበባ ሲመጣ በረንዳው ላይ አያቸውና ጠራኝ።

"እኚህ አባት ማን ናቸው? ከሠራተኞቻችን ጋር አላውቃቸውም።"

"ረዳት መምህር ናቸው።"

"ደመወዛቸውን ማን ይከፍላል?"

"ሻይ ነው ደመወዛቸው። ስኳር በዛ ያለበት።"

አቶ ዳዊት ሳቀና ተወው። በኋላ ሲመጣ እሱም ስኳር ይዞ ይመጣ ነበር።

አባባን የሚያሳስባቸው ግን በረንዳው ላይ ያሉት አልነበሩም። ከአዲስ አበባ ሰው በመጣ ቁጥር ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ "ያ ልጅ ተናገረ?" ማንን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። ማርቲን በበዓል በበዓል ለባለቤቴ ይደውላል፤ አባባ ስልኩን ይቀበሉና በሀዲይኛ ያወሩታል። ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉልበታቸው። ከዚያ እነዚያን ቃላት አንድ በአንድ ይሉለታል፣ ቀስ ብለው፣ እንዲይዛቸው። ማርቲን ሁሉንም ይሰማል፤ ሲመልስ ግን በአማርኛ ነው፦ "ሰማሁ አባባ። ገባኝ አባባ።" አባባ ስልኩን ሲመልሱ ፊታቸው ይወድቃል። "ይሰማል፣ አይናገርም" ይላሉ። "የእኔ ስም አፉ ላይ ተቀምጦበታል። ሳይነሣለት ብሞት ይቆጨኛል።"

"አይሞቱም" ይላቸዋል ባለቤቴ።

"እሱን ተወው። ልጁን ተናገር በለው።"

በለው ማለት ቀላል ነው። ባለቤቴም ነገረው፣ እኔም ነገርኩት። "አሁን ቃላቱን ታውቃቸዋለህ፣ ማን ይስቅብሃል" ስለው፣ "አውቃለሁ እትዬ አስቴር፤ ግን ልናገር ስል ያ ሳቅ ይመጣብኛል" አለኝ።  የእኔ ሥራ አፍ መፍታት ነው፤ የተዘጋ አፍ እንዴት እንደሚከፈት እማማ አላስተማሩኝም።

አባባ ሳይሰሙት ሞቱ። በአልጋቸው፣ ቀን፣ ሳይንገላቱ። ይህ በኖርንበት ዓለም ትልቅ ነገር ነው።

ግቢያችን ሰው አልችል አለ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ከዶዮገና ወገኖቼ መጡ፣ ከጃጁራ ዘይነባ ሙስሊም ነጋዴዎቹን አስከትላ መጣች፣ አቶ ላፌቦ ሳይቀሩ በምርኩዝ ተደግፈው መጡ። ሽማግሌዎቹ ተናገሩ፣ መዘምራኑ ዘመሩ። አስከሬኑ ሊነሣ ሲል ማርቲን ከድንኳኑ ጫፍ ተነሣ። ከአዲስ አበባ ሲነጋ ተነሥቶ የመጣ ነው፤ ጢሙ ሸብቷል። ልናገር ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። ከሴቶቹ መካከል ሆኜ ፈራሁለት። ለቅሶ ላይ የተነገረ አይረሳም።

በሀዲይኛ ጀመረ።

መጀመሪያ ለቅሶ ቤት የሚባለውን አለ፣ ሳይሳሳት፣ እኔ እንዳስተማርኩት፣ እማማ እንዳስተማሩኝ። ከዚያ ስለ አባባ ተናገረ። አመሻሽ ላይ በረት አብረው እንደሚገቡ ተናገረ፤ በረት ውስጥ ያለውን ሲጠራው ግን በምራት ቃል ጠራው። ተሳሳተ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ቀጠለ። ሰማይ ላይ ያለውንም በምራት ቃል ጠራው። ሰው ያለሱ የማያድረውንም እንዲሁ። ያኔ ነው ሆን ብሎ እንደሆነ የገባኝ። ትክክለኛዎቹን ቃላት አባባ ራሳቸው በስልክ ስንቴ አስይዘውታል። የሟቹን ስም ሊነካ አልፈለገም።

ማንም አልሳቀም። 

ማርቲን ወደ አቶ ላፌቦ ዞረ። "ጃጁራ ላይ የማን ምራት ነህ ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ ያኔ አልመለስኩም" አለ። ከዚያ ወደ ሳጥኑ አመለከተ። "የእሳቸው ነኝ።"

አቶ ላፌቦ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል። ማርቲንን በእጁ ይዘው፣ ሰው መሐል እያሳለፉ ወስደው፣ የአባባ ልጆች ከተቀመጡበት፣ ከባለቤቴ ጎን አስቀመጡት። ከዚያ ወዲያ የመጣ ለቀስተኛ ሁሉ እሱንም እግዜር ያጥናህ እያለ አለፈ። እሱም ለእያንዳንዱ በሀዲይኛ ይመልሳል፣ ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ።

ከዚያ በኋላ በበረንዳው ላይ ብዙም አልቆየሁም። ቃሉ ጋ ስደርስ ተማሪዎቹ ወደ በሩ ይዞራሉ፣ እኔም እዞራለሁ፣ ሰው የለም። ደከመኝ። የስልኩ ትምህርት ሐሳብ ሲመጣ እሺ አልኩ። ድርጅቱ የምስጋና ወረቀትና የግድግዳ ሰዓት ሰጠኝ፤ ሰዓቱ ወጥ ቤት ተሰቅሏል፣ ትንሽ ይቀድማል።

የቀብሩ ዕለት ግን ሰው ሁሉ ሲበተን በረንዳው ላይ ወጥቼ ነበር። በርጩማቸው በሩ አጠገብ እንዳለ ነው። በሕይወት ሳሉ ፊት ለፊት አናግሬያቸው አላውቅም ማለት ይቻላል። አጠገቡ ቆሜ ነጠላዬን አስተካከልኩና በሀዲይኛ ነገርኳቸው፦

"አባባ፣ ያ ልጅ ተናገረ።"

በሀዲይኛ ስንለው ከዚያ ዓረፍተ ነገር አንዱ ቃል የማልለው ነው። በምራት ቃል ተካሁት። ይገባቸዋል።